የቢሮ ኮምፒውተር መከታተያ፦ በፍላሽ ዞሮ መጫን ወይስ ከሰርቨር መላክ?

ሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ ሶፍትዌር ልትጭኑ ከሆነና ኮምፒውተሮቻችሁ ከሃያ ካልበለጡ ሰርቨር ፍለጋ አትድከሙ። ፍላሽ ያዙና አንድ በአንድ ጫኑ። ከዚያ ከበለጡ ግን ዞሮ መጫን ቅዳሜና እሁዳችሁን ይበላዋል።

ከሰርቨር የሚላከው በአክቲቭ ዳይሬክተሪና በግሩፕ ፖሊሲ ነው፤ የቢሮውን ማሽኖች ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድሩ የዊንዶውስ ሰርቨር መሣሪያዎች ናቸው። የኤምኤስአይ ፋይሉን (የሶፍትዌሩን መጫኛ) አንድ ቦታ ታስቀምጡታላችሁ፤ ማሽኑ ሲነሳ ራሱ ይጭነዋል። ደስ ይላል። ግን ዊንዶውስ ሆም ዶሜይን ውስጥ (ሰርቨሩ በሚያስተዳድራቸው ማሽኖች ስብስብ ውስጥ) አይገባም፣ ዊንዶውስ ፕሮ ይፈልጋል። ላፕቶፑን በየጊዜው ካገኘበት ሱቅ የሚገዛ ቢሮ ውስጥ ደግሞ ሆም አይጠፋም። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሴቲንግስ ገብታችሁ የየማሽኑን የዊንዶውስ ዓይነት እዩ።

በእጅ መጫንም ጣጣ አለው። የአድሚን ፓስወርድ የሚያውቀው ሰው ሥራ ለቆ ይሆናል። አንቲቫይረሱም ፋይሉን እንደ ቫይረስ ቆጥሮ ሊያጠፋው ይችላል። እኔ የተሸወድኩት ግን በሌላ ነው። ቅዳሜ አስራ ሁለት ማሽን ላይ ስጭን ዋልኩ። ሰኞ ጠዋት ሲከፈቱ አንዱም ላይ የለም። ለካ ዲፕ ፍሪዝ ነበረባቸው! እሱ ካለ ማሽኑ ሪስታርት ሲደረግ ወደነበረበት ይመለሳል። ስክሪኑ ላይ ሰዓቱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ድብ፣ የዲፕ ፍሪዝን ምልክት፣ አይቻት ቢሆን ኖሮ ቅዳሜዬ ይተርፍ ነበር።

ወደ ሶፍትዌሮቹ እንምጣ።

ቬዮን ነፃ ነው። የተሠራው ለትምህርት ቤት የኮምፒውተር ላብ ቢሆንም ለትንሽ ቢሮ ይበቃል። በውስጥ ኔትወርክ ስለሚሠራ ኢንተርኔት ሲቋረጥ አይጨነቅም። የሁሉንም ስክሪን ባንድ ጊዜ ያሳያል፣ መልእክት ይልካል፣ ይቆልፋል። ትናንት ማን ምን ሲሠራ እንደዋለ ግን አይነግራችሁም።

ታሪክ የሚይዝ ከፈለጋችሁ አክቲቭትራክ አለ። በየትኛው ፕሮግራምና ድረ ገጽ ላይ ስንት ሰዓት እንደጠፋ ያሳያል፤ የሚተየበውን ግን አይመዘግብም። ሃብስታፍ ከቤት ለሚሠሩ ይመቻል። ሠራተኛው ራሱ ሰዓቱን ያስጀምራል፣ በየ10 ደቂቃው እስከ 3 የስክሪን ፎቶ ይነሳል። የሁለቱም ክፍያ በሰው ቁጥር ነው፣ በዶላር። ካርዱን ከየት እንደምታመጡ አስቀድማችሁ አስቡበት።

ቴራማይንድ የሁሉም ቁንጮ ነው። ስክሪን ይቀዳል፣ ኪቦርድ ላይ የተጫነውን ቁልፍ ሁሉ ይመዘግባል፣ ተደብቆም ይሠራል። በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥም ይቻላል። ለአስራ ሁለት ሰው ቢሮ ግን አልመክርም። የሠራተኛው የባንክ ፓስወርድ እጃችሁ ላይ ቢገኝ ምን ልትሉ ነው? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ የስነ ምግባር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቱንም ብትመርጡ መጀመሪያ ለሠራተኛው በጽሑፍ አሳውቁ፣ ምን እንደምታዩና ለስንት ጊዜ እንደምታስቀምጡ ጭምር።

ቬዮንን በእጅ ለምትጭኑ አንድ ነገር ልጨምር። በሠራተኛው ማሽን ላይ ስትጭኑ ቬዮን ማስተር ከሚለው (አለቃው የሌሎችን ስክሪን ከሚያይበት ክፍል) ላይ የምርጫ ምልክቱን አንሱ። ማን ስክሪን ማየት እንደሚችል የሚወስኑት የቁልፍ ፋይሎች ሁለት ናቸው፤ ለሕዝብ የሚሰጠው በየማሽኑ ይገባል፣ የግሉ አለቃው ጋ ብቻ ይቀራል። ፍላሹ ላይ ሁለቱንም ይዛችሁ ስትዞሩ የግሉን የሆነ ቦታ ከረሳችሁት፣ ያገኘው ሰው እናንተ የምታዩትን ሁሉ ቁጭ ብሎ ያያል።