የፕሮሶፒስ ከሰል፦ እሳቱ አሪፍ፣ ወሬው የተጋነነ

ከአዋሽ ወደ ሚሌ የሄደ ሰው መንገድ ዳር በማዳበሪያ ተደርድሮ የሚሸጠውን የፕሮሶፒስ ከሰል ሳያየው አይቀርም፤ ፕሮሶፒስ የአፋርን ግጦሽ የወረረው እሾሃማ መጤ ዛፍ ነው። አንድ ማዳበሪያ ገዝቼ ቤት እየተጠቀምንበት ነው።

ቶሎ አይያያዝም፣ ማራገቢያና ትዕግስት ይፈልጋል። አንዴ ከተያያዘ ግን ሌላ ነው! ከአቦል እስከ በረካ ሳይጨመርበት ያደርሳል፣ ጭሱም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መጥፎው ነገር ሲያያዝ መንጣጣቱ ነው፤ ፍንጣሪው የእህቴን ነጠላ ጫፉ ላይ በስቶታል። ከማዳበሪያው አፍ ወፋፍራሙን ደርድረው ከስር የሞሉት ደግሞ ቅንጣቢና ድቃቂ ነው። ቅንጣቢው እንኳን ይገባኛል፣ ዛፉ ከመሬት ጀምሮ በቀጫጭን ግንድ ተከፋፍሎ ስለሚበቅል ነው። ድቃቂው ግን የሻጩ ሥራ ነው።

ሻጩ «ግዛ፣ አረሙን እያጠፋህልን ነው» ብሎኝ ነበር። ደስ ይላል፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገረኝ።

ፕሮሶፒስ የላቲን አሜሪካ ዛፍ ነው። አፋር የገባው በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻና 1980ዎቹ፣ በአዋሽ የጥጥ እርሻዎች አካባቢ ነፋስ ይከላከላል፣ ጥላ ይሆናል ተብሎ ነው። በአገሩ ዘሩን እየቦረቦሩ የሚበሉ ጢንዚዛዎች አሉበት። እኛ ጋ ሲመጣ እነሱ ቀሩ። ዘሩን የያዘው ቆባ ጣፋጭ ስለሆነ ከብቱም ፍየሉም ግመሉም ይበላዋል፣ ጠንካራው ዘር ግን ሆድ ውስጥ ሳይፈጭ ይወጣና ከነማዳበሪያው፣ ማለትም ከነእበቱ፣ ሌላ ቦታ ይበቅላል። እንዲህ እንዲህ እያለ የአፋርን ግጦሽ ወረሰው፣ ከዛፉ ሥር ሣር የለም፣ እሾሁም የከብቱን እግር ይወጋል። ደቡብ አፍሪካ ጢንዚዛውን በ1987 እ.ኤ.አ. አስመጥታ ለቅቃ ነበር፤ ከብቱ ቆባውን ቀድሞ እየበላው የታሰበውን ያህል አልሠራም።

መቁረጡስ? ከላይ ብቻ ከቆረጡት ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ያውም በብዙ ቅርንጫፍ። እንዲጠፋ ከተፈለገ ከአፈር በታች ገብቶ መቁረጥ ወይም መንቀል ነው፣ ይሄ ደግሞ በዚያ ሙቀትና በዚያ እሾህ የሚያደክም ሥራ ነው። ለከሰል የሚቆርጥ ሰው ምን በወጣው? እንዲያውም ቢያቆጠቁጥለት የሚቀጥለው ከሰል ነው። በዚያ ላይ በፕሮሶፒስ ስም የግራር ከሰል ቢቀላቀል፣ ከጠቆረ በኋላ እንደኔ ያለ ገዢ በምን ይለየዋል?

ያም ሆኖ ደግሜ እገዛዋለሁ፣ ግራር ከሚቆረጥ ይሄ ቢቃጠል ይሻላል። ስትገዙ ግን ማዳበሪያውን ከስር ዳብሱት፣ ሻጩ ከተቆጣ ወደሚቀጥለው እለፉ፣ መንገዱ ሙሉ ሻጭ ነው። ጉቶውን እንዴት እንደቆረጡትም ጠይቁ። እኔ ስጠይቅ ሳቁብኝ።