ለሕክምናው አምስት ኮከብ፣ ለማስረዳቱ ሁለት

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፣ ሰሜን ሸዋ ነው ብዬ ልለፍ። ታናሽ እህቴን ይዤ የሄድኩት አምስት ወር ሊሞላት ስትል ነው። አልትራሳውንድ ላይ የጽንሱ ራስ ቅል እንዳልተሠራ ታየ። ቢወለድም አይቆይም አሉን። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 እንዲህ ላለው እርግዝና ማቋረጥን ስለሚፈቅድ በወረቀት በኩል አላንገላቱንም።

ጎረቤታችን ከዚህ በፊት ለተመሳሳይ ነገር ሌላ ቦታ ገብታ ሚሶፕሮስቶል የሚባለውን ምጥ የሚያመጣ መድኃኒት ብቻ ነበር የሰጧት። በሰላም ወጣች፣ ግን አንድ ቀን ተኩል ስታምጥ ነው የከረመችው። ለእህቴ ደግሞ መጀመሪያ ባለ 200 ሚሊግራም ሚፌፕሪስቶን አንድ ፍሬ አስዋጧትና "ነገ ተመለሱ" አሉን። እኔም ነደደኝ። ከመንዝ መጥተን የት እንድንሄድ ነው? "ሲስተር፣ ለምን ዛሬውኑ አይጨረስም?" ብዬ ተነጫነጭኩ። እሷ ግን በትዕግሥት አስረዳችኝ፤ ክኒኑ እርግዝናውን የሚይዘውን ሆርሞን ያግዳል፣ የማህፀን በርንም ያለሰልሳል፣ ለዚህ ደግሞ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይፈልጋል። አልጋ ተከራይተን አደርን።

በማግስቱ ጠዋት ሚሶፕሮስቶል ተጀመረ። በየሦስት ሰዓቱ እየደገሙላት ሳይመሽ አለቀ፣ እንግዴ ልጁም ሳይቆይ ወጣ። የሁለት ሴት ነገር አንድ አይሆንም፣ እሱን አውቃለሁ። ግን ሁለቱ ሲጣመሩ ምጡ እንደሚያጥር ሐኪሙም ነግሮናል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ሚፌፕሪስቶን ካለ ሁለቱን አጣምሮ መስጠትን ነው የሚመክረው። ፋርማሲ ገዝቶ ቤት ልሞክር የሚል ካለ ግን ይተወው፤ በዚህ የእርግዝና ወር ደም ከበዛ ወዲያው የሚደርስ ሐኪም ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሁለተኛውን ዶዝ እንደወሰደች ጥርሷ እስኪንገጫገጭ ተንቀጠቀጠች፣ ሰውነቷም እንደ እሳት ጋለ። የእናታችንን ባና ደርቤላት እየጮህኩ ወጣሁ። "የመድኃኒቱ ነው፣ ያልፋል" አሉኝ። እውነትም አለፈ። ቀድሞ ቢነገረኝ ምን ነበረበት?

የባሰው ቤት ከገባን በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን ጡቷ አግቶ ቀሚሷ ረጠበ። ወተት ሊመጣ እንደሚችል አንድም ሰው አልነገረንም። እህቴ በምጡ ያላለቀሰችውን ያን ቀን አለቀሰች፣ እኔም የምላት ጠፍቶኝ በቀዝቃዛ ጨርቅ እየያዝኩላት አብሬያት ተቀመጥኩ።