ድሬ ላይ የተጨረመተ ትራምፔት ማሠራት ለምትፈልጉ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከቶሮንቶ ለእረፍት ድሬ መጥቼ ነበር፣ ሆቴሉንም ባጃጁንም ሌላው ሰው በደንብ ጽፎታል እኔ ማንም ስለማይጽፈው ልጻፍ። አጎቴ በደርግ ጊዜ በቀበሌ ኪነት ይነፏት የነበረች ትራምፔት አለቻቸው፣ ሰፊው አፏ ተጨርምቷል፣ ማውዝፒሷ (ከንፈር የሚገጥምበት ጫፏ) ተጣብቋል፣ አንዱ ማያያዣዋም ተነቅሏል። መጀመሪያ የሄድንበት ጋራዥ ባትላሜራው አገላብጦ አየና «በስቱኮ ሞልተን ወርቃማ እንቀባታለን» አለን። አቦ መኪና መሰለችው እንዴ!

ከዚያ ከከዚራ ሰፈር የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን አንድ ራዲያተር ጠጋኝ ጋ ወሰዱኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ ለዚህ ሥራ ከራዲያተር ሰው የተሻለ የለም፣ የድሮ ራዲያተር እራሱ ናስና መዳብ ስለሆነ እሳቱን የት ላይ ማቆም እንዳለበት እጁ ያውቀዋል፣ ማያያዣዋን በሊድ (አቅልጠው በሚያጣብቁበት ብረት) ሲመልስ ዙሪያዋን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነው፣ ያለዚያ ቫርኒሹ ይቃጠላል። ማውዝፒሱን እኔ በፒንሳ ይጠመዝዘዋል ብዬ ልቤ ቆሞ ነበር (ቱቦው አብሮ ይጣመማላ)፣ እሱ ግን ዘይት ጠብ አድርጎ በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን እየነካካ ቀስ ብሎ አወጣው።

ጭርምቱን የሠሩት ደግሞ ጎረቤቱ ያሉ ቶርኖ ቤት ሽማግሌ ናቸው፣ ድሮ የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ። ክብ ብረት ቶርኖ ላይ አለስልሰው ሞርሳ ላይ አሰሩት፣ አፏን እላዩ ላይ አጥልቀው ከውስጥ ወደ ውጭ ማሸት ብቻ፣ መዶሻ የሚባል ነገር የለም። «ዋሪያ፣ ናስ በተቀጠቀጠ ቁጥር ይደርቃል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል» አሉኝ፣ ልክ ናቸው። በብርሃን አዙራችሁ ካያችሁ ትንሽ ማዕበል ቀርቷል፣ ድምፁ ላይ ግን ምንም የለም።

ሁለቱም ተደምሮ 1,800 ብር፣ እኛ ጋ ቶሮንቶ በዚህ ብር ዕቃውን ከሳጥኑም አያወጡልህም። ፒስተኖቹን (በጣት የሚጫኑትን) ግን አታስነኳቸው፣ ክፍተታቸው ከፀጉር የቀጠነ ነው፣ በብርጭቆ ወረቀት አንዴ ካሻሹት አየር ማሳለፍ ይጀምራል፣ አውጥታችሁ ቤት ተዉአቸው፣ ቁጥራቸው እንዳይምታታ። ጠዋት ሂዱ፣ ከምሳ በኋላ በርጫ ነው ማንም አይሠራላችሁም።