ጎፋ ኮንዶሚኒየም፡ ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ብሎኩን እዩ

አዲስ አበባ ጎፋ ካምፕ ያሉት የድሮ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ለመከራየት ወይ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ይቺን አንብቡ። እኔ ሶስተኛ ፎቅ ባለ አንድ መኝታ ነው የምኖረው፣ ሰፈሩን ደግሞ ከልቤ ነው የምወደው። በ1996 ገርጂ ላይ በጀርመኑ የልማት ድርጅት በጂቲዜድ ድጋፍ ለሙከራ ከተሰራው ቀጥሎ ቀድመው ከመጡት ሳይቶች አንዱ ስለሆነ ከተማው መሀል ነው ያለነው፣ ቄራም ሳሪስም ቅርብ ነው፣ ከተማው ዳር ኮዬ ፈጬ እጣ የወጣላቸው ጓደኞቼ ገና በጨለማ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሲቆሙ እኔ ልጆቼን ቁርስ አብልቼ ነው የምወጣው።

ሊፍት የለም፣ ግርግዳው ብሎኬት ስለሆነ ከላይ ቡና ሲወቀጥ ይሰማል፣ ይሄ የትም ኮንዶሚኒየም ያለ ነው፣ ይለመዳል።

የማይለመደው የብሎኩ አያያዝ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ፣ ባንድ ጊዜ የተሰሩ፣ ቁጭ አንድ አይነት ህንጻዎች ናቸው ግን አንዱ ጋ ውሃ አለ አንዱ ጋ የለም። የኛ ብሎክ በየወሩ እናዋጣለን፣ ኮሚቴው ሂሳቡን ደረጃው ስር ይለጥፋል፣ ሮቶው ይታጠባል፣ ፓምፑ ሲበላሽ በማግስቱ ሰሪ ይመጣል፣ ስለዚህ ውሃ በፈረቃ ቢሆንም እስከ አራተኛ ፎቅ ይደርሳል። ጎናችን ያለው ብሎክ ግን ተከራዩ "የባለቤቱ ጉዳይ ነው" ይላል፣ ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፣ ማንሆሉ በሞላ ቁጥር ፍሳሹ ምድር ያሉት ሰዎች በር ላይ ይወጣል፣ በጣም ያሳዝናል! በ1995 የወጣው የጋራ ህንጻ ቤት አዋጅ 370 እኮ ቤት ያለው ሰው ሁሉ የማህበሩ አባል ነው፣ የጋራውን ወጪም መካፈል አለበት ይላል፣ ግን የሚያስከፍል ጠንካራ ኮሚቴ ከሌለ ወረቀት ላይ ነው የሚቀረው።

ኮሚናሉንም፣ ማለትም ነዋሪው በጋራ የሚጠቀምበትን ቤት፣ ጠይቁ። አንዳንድ ቦታ ለመጋዘን ተከራይቶ ነዋሪው በጉን ደረጃ ላይ ነው የሚያርደው፣ የኛ ግን አሁንም እንጀራ ይጋገርበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ እድሩም እዛው ነው የሚሰበሰበው። ጎረቤት የምንተዋወቀው በሱ ነው፣ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ በር ከፍተው ይጠብቋቸዋል፣ እኔ ከስራ ባመሽ ሀሳብ የለብኝም።

ቤት ስታዩ ደላላው ባመቻቸው ሰአት ብቻ አትሂዱ፣ ማታ ሂዱና ቧንቧውን ክፈቱ፣ የሻወሩ ኮርኒስ ላይ እርጥበት ካለ ከላይ እያፈሰሰ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ያሉትን ውሃ መቼ እንደመጣላቸው ጠይቁ፣ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ያልተከፈለ መዋጮ እንዳለ ከኮሚቴው አጣሩ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለተኛ ወይ ሶስተኛ ፎቅ ነው አሪፉ፣ ውሃውም ይደርሳል የማንሆሉ ሽታም አይመጣም። እናት አባት አብረዋችሁ ካሉ ግን አንደኛ ፎቅ ፈልጉ፣ ደረጃው ለጉልበት ከባድ ነው።