ላፕቶፕን እንደ ሬዲዮ ስንመዝነው

ስለ ላፕቶፕ የሚጻፉ ግምገማዎች ፕሮሰሰሩን፣ ስክሪኑንና ባትሪውን ይዘረዝራሉ፤ ስለ አንቴናው ግን አንድ መስመር አታገኙባቸውም። እኔ ኑሮዬን የገፋሁት ሬዲዮ በመጠገን ስለሆነ ዕቃውን የማየው በሌላ ዓይን ነው። ለእኔ ላፕቶፕ ማለት ኮምፒውተር የተጨመረበት የሬዲዮ ማሠራጫ ነው፤ ማሠራጫ ደግሞ ሕግ አለው። አሁን የምጽፍበት ባለ 14 ኢንች ላፕቶፕ ዋይፋዩ በ2.4፣ በ5 እና በ6 ጊጋኸርዝ ይሠራል፤ ብሉቱዝም አለው። የአምራቹን ስም አልጠራም። ወደ በኋላ የምወቅስበት ጉዳይ አለኝ፤ ወቀሳውም እሱን ብቻ የሚመለከት አይደለም።

ከካርቶኑ ሥር ስለ ደኅንነትና ስለ ሕግ የምትናገር ቀጭን መጽሐፍ ወጣች። ፊደሏ ጉንዳን ያህላል፤ ሰው ሁሉ ከላስቲኩ ጋር አብሮ የሚጥላት ናት። እኔ አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ ከዳር እስከ ዳር አነበብኳት። ማስታወቂያው ዕቃው ምን እንደሚችል ሲፎክር ይህች መጽሐፍ ምን እንደማይፈቀድለት ትናገራለች፤ ስለዚህ በካርቶኑ ውስጥ ካለው ወረቀት ሁሉ የማምነው እሷን ነው። ጉድለቷ ትእዛዙን እንጂ ምክንያቱን አለመጻፏ ነው። ምክንያት ያልተነገረው ሰው ደግሞ ወይ ይደነግጣል፣ ወይ ይንቃል።

ለምሳሌ አንቴናው ከሰውነት ቢያንስ 20 ሳንቲሜትር መራቅ እንዳለበት ታዛለች። ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ይህን ያነበበ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ነገሩ ግን የምደባ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ በአጭሩ ኤፍሲሲ፣ ማሠራጫዎችን ከተጠቃሚው ከ20 ሳንቲሜትር ባልቀረበ ርቀት የሚሠሩና ከዚያ በታች የሚጠጉ ብሎ ይለያቸዋል። የሚጠጉት ሰውነት የሚመጠው ኃይል ሊለካላቸው ይገባል። ጣሪያው በአሜሪካ በ1 ግራም የሰውነት ክፍል ላይ በአማካይ ሲሰላ በኪሎግራም 1.6 ዋት ነው፤ በአውሮፓ ለራስና ለደረት አካባቢ በ10 ግራም ተሰልቶ 2 ዋት። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ አንቴናው የት ተቀምጧል የሚለው ነው። መጽሐፏ ይህን አንዲት ነገር አትናገርም! በሞገድ ጥንካሬ መለኪያዬ ዙሪያውን ስፈትሽ ሞገዱ የሚበረታው በስክሪኑ ላይኛ ሁለት ማዕዘኖች ሆኖ አገኘሁት። ክዳኑ ተከፍቶ ሲሠራ እነዚያ ማዕዘኖች ከጭን ከ20 ሳንቲሜትር በላይ ይርቃሉ። ጥሩ አሠራር ነው። አንቴናውን ከእጅ ማሳረፊያው ሥር ወይም ከማጠፊያው አጠገብ የሚቀብሩ ሞዴሎችም ስላሉ ሁሉም እንዲህ ነው ብላችሁ አትውሰዱት።

ካንሰር ያመጣል ወይ የሚለው ጥያቄ መቼም አይቀርልኝም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 የሬዲዮ ሞገድን «ምናልባት ካንሰር ሊያስከትል ይችላል» በሚለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ይህም ማስረጃው ውስን ሲሆን የሚሰጥ ደረጃ ነው። በሌላ በኩል በአውሮፓ ደንብ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ለዋይፋይ የሚፈቀደው የጨረር ኃይል ቢበዛ 100 ሚሊዋት ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ የሚደርሰው ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል። እኔ ጭኔ ላይ የማላስቀምጠው ለሙቀቱ ስል ነው። የሞቀ ላፕቶፕ ለረጅም ጊዜ ጭን ላይ ሲቀመጥ ቆዳን መረብ በሚመስል ቅርጽ እንደሚያጠቁር በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። የዚህኛው ላፕቶፕ የታችኛው ክፍል ደግሞ ሥራ ሲበዛበት ያቃጥላል፤ ለዚህ ነጥብ እቀንስበታለሁ።

በመጽሐፏ ውስጥ ደስ የሚለኝ ክፍል በኤፍሲሲ ደንብ ክፍል 15 የተደነገጉት ሁለት ግዴታዎች ናቸው። ዕቃው በሌሎች ላይ ጎጂ የሞገድ ጣልቃ ገብነት መፍጠር የለበትም፤ በእሱ ላይ የሚደርሰውን ግን፣ ሥራውን የሚያስተጓጉል እንኳን ቢሆን፣ መቀበል አለበት። ፈቃድ ሳያወጣ አየሩን የሚጠቀም እንግዳ ነውና ቢገፉት እንኳን ለማን አቤት ይላል? በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ከሚገፉት አንዱ የምግብ ማሞቂያው ማይክሮዌቭ ነው፤ የሚሠራው በ2.45 ጊጋኸርዝ ገደማ ነውና። ማይክሮዌቭ አጠገብ አስቀምጬ ስፈትነው የ2.4 ግንኙነቱ ተንገዳገደ፤ ላፕቶፑ ግን ሳይጠየቅ ወደ 5 ተሻገረ፤ የከፈትኩት ቪዲዮም አልተቋረጠም። እዚህ ላይ አመሰግነዋለሁ። የማላመሰግነው በዩኤስቢ 3 መሰኪያዎቹ አቀማመጥ ነው። ይህ መሰኪያ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ጫጫታ እንደሚፈጥር ኢንቴል ራሱ በ2012 ባወጣው ጽሑፍ አሳይቷል። ውጫዊ ዲስኬን በግራው በኩል ስሰካ የብሉቱዝ ማውሱ ይንተባተባል፤ ሽፋኑ በደንብ በተሠራ ገመድ ስቀይረው ይሻለዋል። ስለዚህ ጉዳይ መጽሐፏ ትንፍሽ አትልም።

ወደ 5 ጊጋኸርዝ ስንሄድ ነገሩ ይጠልቃል። ከ5250 እስከ 5350 እና ከ5470 እስከ 5725 ሜጋኸርዝ (1000 ሜጋኸርዝ አንድ ጊጋኸርዝ ነው) ያለው አየር የራዳር ነው፤ ዋይፋይ የሚገባበት በጥገኝነት ነው። ራውተር በእነዚህ ቻናሎች ከመሥራቱ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል፤ በሥራ ላይ ሳለ የራዳር ምት ከሰማ በ10 ሰከንድ ውስጥ ለቅቆ ይወጣል፤ ለ30 ደቂቃም አይመለስም። በአውሮፓ የአየር ጠባይ ራዳሮች በሚገኙበት ከ5600 እስከ 5650 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ማዳመጡ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ራውተሩን አስነሥቶ ኔትወርኩ ሲዘገይበት ላፕቶፑን የሚረግም ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ጥፋቱ የላፕቶፑ አይደለም፤ እንዲያውም ጥፋት የለም። ላፕቶፑን ራሱን መገናኛ ነጥብ አድርጌ ለሌሎች ሳጋራበት የራዳር ቻናሎችን አልሰጠኝም። ትክክል አድርጓል።

«ቤት ውስጥ ብቻ» የሚለው ማስጠንቀቂያም ምክንያት አለው። ከ5150 እስከ 5250 ያለው ክልል ወደ ሳተላይት በሚላኩ ሞገዶችም ስለሚሠራበት፣ ግድግዳና ጣሪያ ሞገዱን እንዲያዳክሙት ነው የሚፈለገው። በአውሮፓ ክልከላ ካለ ካርቶኑ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክትና የአገሮች ምሕጻረ ቃል ይታተማል፤ ካርቶኑን ከመጣላችሁ በፊት እዩት። በ6 ጊጋኸርዝ ላይ ያለው ልዩነት ደግሞ የባሰ ነው። አሜሪካ በ2020 ከ5925 እስከ 7125 ሜጋኸርዝ ያለውን በሙሉ ስትከፍት፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2021 የፈቀደው ከ5945 እስከ 6425 ብቻ ነው። ማስታወቂያው «ሦስት ባንድ» ሲል ሦስተኛው የሚሠራው እንደምትኖሩበት አገር ሕግ መሆኑን አይናገርም። በአሜሪካው ደንብ 6 ጊጋኸርዙን በነዳጅ ማውጫ መድረክ ላይ መጠቀም እንደማይቻል እንኳን በመጽሐፏ ተጽፏል። ከአንባቢዎቼ መካከል የባሕር ላይ ነዳጅ ሠራተኛ ካለ ይኸው ነግሬዋለሁ።

አሁን ወደ ወቀሳዬ ልምጣ። አንደኛው፣ ላፕቶፑ በየትኛው አገር ደንብ እየሠራ እንደሆነ የሚያሳይ ቦታ ማስተካከያዎቹ ውስጥ የለም። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ በአሜሪካ በተለምዶ የሚሠራው እስከ ቻናል 11 ነው፤ በአውሮፓ እስከ 13 ይደርሳል፤ 14ኛው በጃፓን ለአሮጌው ዝግተኛ ስልት ብቻ የተተወ ነው። ራውተሬን ቻናል 13 ላይ ሳደርገው ላፕቶፑ ኔትወርኩ የለም ብሎ ዝም አለ። ተጠቃሚው ደንቡን ቢቀይረው አደገኛ ነው ቢሉኝ እስማማለሁ፤ ማየቱ ግን ማንን ይጎዳል?

ሁለተኛው የዋይፋይ ካርዱ፣ ማለትም ማሠራጫውን የያዘው ትንሽ ሰሌዳ፣ እንዳይቀየር መቆለፉ ነው። ካርዱን አውጥቼ ሌላ፣ እሱም ማረጋገጫ ያለው ካርድ ስተክልበት ያልተፈቀደ ዕቃ ብሎ መነሣት እምቢ አለ። መከራከሪያውን አውቀዋለሁ፦ ካርዱ የተመረመረው ከተወሰነ የአንቴና ዓይነት ጋር ነውና በደካማ አንቴና የተመረመረ ካርድ ጠንካራ አንቴና ላይ እንደልብ አይገጠምም። ነገር ግን ለዚሁ አንቴና ዓይነት ተመርምሮ ያለፈ ካርድ ሲከለከል ሕጉ ለነጋዴ ሽፋን ሆነ ማለት ነው።

የበረራው ክፍል አርጅቷል። መጽሐፏ በአውሮፕላን ውስጥ ላፕቶፑን አጥፉ ትላለች፤ የአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር ግን በ2013 መጨረሻ ላይ አየር መንገዶች በሁሉም የበረራ ምዕራፍ መሣሪያዎችን በበረራ ሁነታ እንዲፈቅዱ መንገዱን ከፍቷል። ዞሮ ዞሮ የምትታዘዙት የአውሮፕላኑን ሠራተኞች ነው። የበረራ ሁነታ ቁልፉ ሁሉንም ማሠራጫ በአንድ ጊዜ ያጠፋል፤ መብራትም አለው፤ ወድጄዋለሁ። በኤሌክትሪክ የሚፈነዳ ድማሚት ባለበት የቁፋሮ ሥፍራ ማሠራጫውን ማጥፋት ግን የሚያከራክር አይደለም። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰውም 15 ሳንቲሜትር ያህል ያርቀው፤ በክዳኑ ውስጥ ያለው ማግኔትም ጭምር ነው ምክንያቱ።

እንግዲህ ልግዛው ወይ ለሚለኝ፦ ካርድ የመቀየር ሐሳብ ከሌለህ ግዛው፤ ማሠራጫው ጨዋ ነው። ከመግዛትህ በፊት ግን ከሆዱ ላይ ወይም ከማስተካከያዎቹ ውስጥ የኤፍሲሲ መለያ ቁጥሩን ፈልግ። በስክሪን ላይ ብቻ ማሳየትን የአሜሪካ ሕግ ከ2014 ጀምሮ ስለፈቀደ ተለጥፎ ላታገኘው ትችላለህ። ቁጥሩን በኮሚሽኑ የሕዝብ መዝገብ ውስጥ ስታስገባ የምርመራ ሰነዶቹን ታገኛለህ፤ ለብዙዎቹ የውስጥ ፎቶግራፍ ጭምር አብሮ አለ። መጽሐፏ የደበቀችውን የአንቴና ቦታ እዚያ ፈልገው።