የሶማሌ ተራው የዘይት ግፊት መለኪያ፦ አዲስ የተሠራ ሞተር ዳግም ከመውረዱ በፊት

ሶማሌ ተራ በመለዋወጫና በመሣሪያ ሱቆች በፕላስቲክ ሳጥን የሚሸጠው የዘይት ግፊት መለኪያ ሞተር ላሠራ ሰው የግድ የሚያስፈልግ ዕቃ ነው። ሳጥኑ ሲከፈት ክብ ጌጅ፣ የጎማ ቱቦና የተለያየ ጥርስ ያላቸው የናስ መጋጠሚያዎች ይገኛሉ። ግዙት እንላለን፤ ግን ሁሉም ሳጥን አንድ አይደለም። የተሳሳተውን የገዛ ሰው ጤነኛ ሞተር ያስወርዳል፣ ወይም የታመመውን እየነዳ ይጨርሰዋል።

ዳሽቦርድ ላይ ያለውን ቀይ መብራት የሚያምን ብዙ ነው። መብራቱ ግን የሚበራው ግፊቱ ከ0.2 እስከ 0.5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ሲወርድ ብቻ ነው። በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር 2.5 ባር መስጠት ያለበት ሞተር 1 ባር ብቻ እየሰጠ መብራቱ ጠፍቶ ይውላል። እንዲህ ያለ መኪና ሰው ጭኖ ከለገሃር ወደ ፒያሳ የቸርችልን ዳገት ሲወጣ አዲሱ ብሮንዚን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ስስ ብረት) እየተበላ ነው፤ ሾፌሩ ግን ምንም ምልክት አያይም።

ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የጌጁን ፊት እዩ። እስከ 35 ባር ወይም 500 ፒኤስአይ የሚለካው ትልቅ ቁጥር ስላለው የተሻለ ይመስላል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ቶዮታ ለፎር ኤና ለፋይቭ ኤ ሞተሮች በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) የሚጠይቀው ቢያንስ 0.3 ኪሎ በካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ በ3,000 ዙር ደግሞ ከ2.5 እስከ 5 ኪሎ። ቪትዝና ያሪስ ላይ ያለው ዋን ኤንዜድ በሚኒሞ እዚያው ነው፣ በ3,000 ዙር ከ1.5 እስከ 5.5። አንድ ኪሎ ከአንድ ባር ትንሽ ቢያንስ ነው፣ 14 ፒኤስአይ ገደማ። በ35 ባር ጌጅ ላይ 0.3 ማለት መርፌው ከዜሮ መነሳቱ እንኳ የማይለይበት ቦታ ነው። ጌጁ ከሙሉ ልኬቱ 3 በመቶ ቢሳሳት ስህተቱ ብቻውን ከ1 ባር ያልፋል። እስከ 7 ባር ወይም 100 ፒኤስአይ የሚለካውን ውሰዱ፤ እሱ ከጠፋ እስከ 10 ባር ያለው ይበቃል። እሱም ቢሆን በሚኒሞ የሚያሳየው ግምት ነው፤ የምትፈርዱት በ3,000 ዙሩ ንባብ ይሁን።

ሁለተኛው ችግር ጥርሱ ነው፤ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰውም እዚህ ነው። መለኪያው የሚገባው ቀይ መብራቱን የሚያበራው የዘይት ስዊች ተፈትቶ በእሱ ቦታ ነው። ቶዮታ ላይ የዘይት ስዊቹ የሚገባበት ቀዳዳ የእንግሊዙ 1/8 ሾጣጣ ጥርስ ነው፣ በኢንች 28። ብዙ ሳጥን ውስጥ ያለው ደግሞ የአሜሪካኑ 1/8 ነው፣ በኢንች 27። በዓይን አይለዩም። በእጅ ሲገባ አንድ ሁለት ዙር በደንብ ይሄዳል፣ ከዚያ ይከብዳል። ሰው ጠበቀ ብሎ በቁልፍ ሲገፋው የቀዳዳውን ጥርስ ይበላዋል ወይም ቀዳዳውን ይሰነጥቀዋል፤ ዘይቱም ከዚያ ጀምሮ ያንጠባጥባል። ስለዚህ አሮጌውን ስዊች ይዛችሁ ሂዱ። የስዊቹን ጥርስና የመጋጠሚያውን ጥርስ ጎን ለጎን አግጥማችሁ ወደ ብርሃን አንሱት። ጥርስ ጥርስ ውስጥ ገብቶ ብርሃን ካላለፈ ትክክል ነው፤ በአንዱ ጫፍ ገጥሞ በሌላው ብርሃን ካሳየ መልሱት። ትክክለኛው ሳጥኑ ውስጥ ከሌለ ለብቻው ፈልጋችሁ ግዙ ወይም ቶርኖ ቤት አሠሩት።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የዘይቱን መጠን እዩ፤ ከልክ በላይ የሞላ ዘይት በኮሎው (በሚዞረው የሞተሩ ዘንግ) ተመቶ አረፋ ይሆንና ንባቡን ያበላሻል። ስዊቹን በ24 ቁጥር ረጅም ቡሶላ ፍቱ። መጋጠሚያው ላይ ቴፍሎን ቢበዛ ሁለት ዙር ጠቅልሉ፣ የመጀመሪያውን ጥርስ ግን ባዶ ተዉት፤ የተቆረጠ ቴፍሎን ዘይት መስመር ውስጥ መግባት የለበትም። ቱቦውን ከማራገቢያውና ከጭስ ማውጫው አርቃችሁ እሰሩ። ሞተሩን አሙቁ፣ ከዚያ በሚኒሞና በ3,000 ዙር አንብቡ። የጠዋት ቀዝቃዛ ንባብ ማንንም ያስደስታል፤ ወፍራም ዘይት ሁሉንም ክፍተት ይሸፍናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን አንስተው የሚሟገቱ አሉ፤ ጌጁ የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ስለሆነ ከፍታው አይነካውም።

ሞተሩ ገና ሳይነሳ መለኪያውን ማሰር ከሁሉም ይሻላል። ካንዴላዎቹን አውጡ፣ ነዳጁን አቋርጡ፣ ፊልትሮውን ዘይት ሞልታችሁ እሰሩ፣ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ብቻ አዙሩ። በ10 ወይም 15 ሰከንድ መርፌው ካልተነሳ አቁሙ፣ ሞተሪኖው ይቀዝቅዝ፣ ድገሙት። አሁንም ዜሮ ከሆነ ደረቅ ተደርጎ የተገጠመ የዘይት ፓምፕ አየር ይዞ ሊሆን ይችላል። ጥርሶቹ መካከል ቫዝሊን ቢደረግ ኖሮ ወዲያው ይስብ ነበር። መርፌው ሳይነሳ ሞተሩን ማስነሳት ግን ሙሉ ጥገናውን መጣል ነው።

ከዚህ በኋላ መርፌው ራሱ ይናገራል። ሲቀዘቅዝም ሲሞቅም፣ በሁሉም ዙር ዝቅ ካለ መጀመሪያ የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቩን ፍቱ። ሞኖብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ሲታጠብ የቀረ ብናኝ ቫልቩን ከፍቶ ይይዘዋል። ቫልቩ ዘይት ተቀብቶ በራሱ ክብደት ቀዳዳው ውስጥ መውረድ አለበት፤ በጣት የሚገፋ ከሆነ ችግሩ እሱ ነው። ቀጥሎ የሚጠረጠረው ለእጥበት ተፈትቶ ሳይመለስ የቀረ የዘይት መስመር ብሎን ነው።

መርፌው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ፓምፑ አየር እየሳበ ነው፦ የመሳቢያው ቱቦ ኦሪንግ ተረስቷል ወይም ተቆርጧል። በሚኒሞ ደህና ሆኖ ዙር ሲጨምር የሚወርድ ከሆነ ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ገንዳ) አውርዳችሁ ወንፊቱን እዩ። ማስቲሽ (የማሸጊያ ሙጫ) በብዛት የመቀባት ልማድ እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል፤ ወደ ውስጥ የተጨመቀው ተቆርጦ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል።

ሲቀዘቅዝ 4 ባር፣ ሲሞቅ በ3,000 ዙር 1 ባር ካሳየ ነገሩ ክፍተት ነው፤ ከሁሉም ከባዱ ይህ ነው። በብሮንዚንና በኮሎ መካከል የሚያመልጠው ዘይት በክፍተቱ ሦስተኛ ኃይል ይጨምራል። 0.03 ሚሊሜትር መሆን የነበረበት 0.06 ከሆነ የሚያመልጠው ዘይት ስምንት እጥፍ ነው። ቶርኖ ቤት 0.25 ሚሊሜትር ልጬዋለሁ ያለው ኮሎ 0.28 ተልጦ ከወጣ የ0.25 ብሮንዚን ገጥሞ፣ ተጠብቆ፣ በእጅ በደንብ ዞሮ ይህን ውጤት ይሰጣል። ፕላስቲጌጅ (ሲጨመቅ በስፋቱ ክፍተቱን የሚያሳይ ቀጭን የፕላስቲክ ክር) አንዲት ክር ብሮንዚኑ ላይ አድርጎ ቢጠበቅና ቢፈታ ገና ያኔ ይታይ ነበር። አንዳንድ ጋራዥ መፍትሔ ብሎ ወፍራሙን 20 ደብሊው 50 ዘይት ይሞላል። መርፌው ከፍ ይላል፣ ክፍተቱ ግን እዚያው ነው።

መለኪያው የማያየውም አለ። የሚያሳየው ግፊትን እንጂ የሚፈሰውን ዘይት አይደለም። የባንኮ ብሮንዚን (ኮሎውን ሞኖብሎኩ ላይ የሚይዘው) ቀዳዳ ያለው ግማሽ በስህተት ታች ከገባ ወይም የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት የዘይት ቀዳዳውን ከደፈነ ንባቡ ቆንጆ ይሆናል፣ እንዲያውም ከፍ ይላል፤ ዘይት ያልደረሰው ክፍል ግን ይቃጠላል። ስለዚህ ሞተሩ እንደተነሳ የቫልቮላ ክዳኑን ከፍታችሁ ላይ ዘይት መድረሱን በዓይን እዩ።

የሳጥኑ ደካማ ቦታ ቱቦውና ጌጁ የሚገናኙበት ነው። ሙቅ ዘይት በግፊት እጅ ላይ እንዳይረጭ መጀመሪያ በሚኒሞ አስነስታችሁ መገጣጠሚያው አለማላቡን አረጋግጡ። ጌጁ ሲገዛ መርፌው ዜሮ ላይ ካልተቀመጠ ሻጩ ቢምል አትውሰዱት። ንባቡን ከሙቀቱ፣ ከዙሩና ከዘይቱ ዓይነት ጋር ጽፋችሁ ያዙ፤ ጋራዡ ለሠራው ሥራ እንዲመልስ የምትጠይቁት በዚያ ወረቀት ነው።