አንድ ወረቀት፣ ሦስት መብራት፦ ከወራት በኋላ ስለ ቀለም ቀያሪው አምፖሌና ስለ ፕሪንተሬ

ባለ ሪሞት ቀለም ቀያሪ ኤልኢዲ አምፖልና ባለ ታንክ ኢንክጄት ፕሪንተር አብሬ መጠቀም ከጀመርኩ ከግማሽ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ሁለቱንም የገዛኋቸው ለአንድ ስራ ነው፤ የተደበቀ ምስል ለማተም። ወረቀቱን በነጭ ብርሃን ስታዩት የተዘበራረቀ ቀለም ነው። ቀይ መብራት ሲበራ አንድ ምስል ብቻ ጎልቶ ይወጣል። አረንጓዴ ሲበራ ያ ይጠፋና ሌላ ይመጣል። በሰማያዊ ደግሞ ሦስተኛው። ዛሬም ሳየው ጉድ ያሰኘኛል። ከዚህ ሁሉ ወራት በኋላ ለሚጠይቀኝ ሰው የምለው አንድ ነገር ነው፦ ፕሪንተሩ የትኛውም ደህና ፕሪንተር ሊሆን ይችላል፤ ቁም ነገሩ ያለው አምፖሉ ላይ ነው።

አሰራሩ ይሄ ነው። ሦስቱ ምስሎች እያንዳንዳቸው በአንድ የፕሪንተር ቀለም ብቻ ተደራርበው ይታተማሉ። እያንዳንዱ የፕሪንተር ቀለም ደግሞ አንድ ዓይነት ብርሃን ይውጣል። ሳያን (ወደ አረንጓዴ የሚያደላው ሰማያዊ) ቀዩን፣ ማጄንታ (ደማቁ ሐምራዊ ቀይ) አረንጓዴውን፣ ቢጫ ሰማያዊውን። ስለዚህ በቀይ መብራት ስር በሳያን የታተመው ጠቁሮ ይታያል። ማጄንታና ቢጫ ግን ቀዩን ብርሃን ልክ እንደ ባዶው ወረቀት መልሰው ስለሚልኩት ከወረቀቱ ጋር ይመሳሰላሉ፤ ዓይን አይለያቸውም። ሀሳቡ የቆየ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል በ1861 እ.ኤ.አ. በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ ለየብቻ የተነሱ ፎቶዎችን በብርሃን ደራርቦ ባለ ቀለም ምስል አሳይቶ ነበር። እሱ ሦስቱን አንድ አደረገ፤ እኛ ደግሞ አንዱን ወደ ሦስት እንበትናለን። በዘመናችን ካርኖቭስኪ የተባሉት የሚላን ዲዛይነሮች በዚሁ ዘዴ ግድግዳ የሚሞላ ስራ ሰርተዋል። ፎቶውን ብቻ ያየ ሰው እንኳ እጁን በአፉ ይጭናል።

አምፖሉን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ተራ አምፖል ላይ ባለ ቀለም ፕላስቲክ ብትሸፍኑ የሚወጣው ብርሃን ሰፊ ነው፤ ቀይ ነው ስትሉት ብርቱካናማም ቢጫም ይቀላቀልበታል። ያን ጊዜ መጥፋት የነበረበት ምስል ፈዝዞ ይቀራል። ኤልኢዲ ግን ጠባብ ብርሃን ነው የሚሰጠው። በብርሃን ሞገድ ርዝመት ሲለካ ቀዩ 625 ናኖሜትር አካባቢ፣ አረንጓዴው 525፣ ሰማያዊው 465። ይህ ከሦስቱ ቀለሞች ጋር ደህና አድርጎ ይገጥማል። የኔ አምፖል ሦስቱን ዋና ቀለሞች በንጹህ ይሰጣል። ሪሞቱ ላይ ያሉትን የቀሩትን ቁልፎች ለዚህ ስራ ብዙም አልፈልጋቸውም።

እስካሁን ከሰራኋቸው የምወደው የሴት አያቴን ምስል ነው። በሳያን የእርጅናቸውን ፎቶ አተምኩ፣ በማጄንታ የወጣትነታቸውን። ዓይን በዓይን ላይ፣ አፍንጫ በአፍንጫ ላይ እንዲያርፍ አስተካክዬ። ቀዩ ሲበራ ከዓይናቸው ጥግ የሚነሱት መስመሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። አረንጓዴው ሲበራ ፊታቸው ይለሰልሳል፣ ጉንጫቸው ይሞላል። አምፖሉ ቀስ እያለ ቀለም የሚቀይርበት ሞድ አለው። ከቀይ ወደ አረንጓዴ ሲሸጋገር መሃል ላይ ሁለቱም መብራቶች አብረው ስለሚበሩ ሁለቱ ፊቶች ለአፍታ አንድ ላይ ይታያሉ። ከዚያ አያቴ ዓይናችሁ እያየ ልጅ ይሆናሉ።

ይህ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። የፕሪንተር ቀለም መጽሐፍ ላይ እንደሚባለው ንጹህ አይደለም። ሳያን ቀይን ብቻ ሳይሆን ከአረንጓዴውም ቆንጠር ያደርጋል። ማጄንታ ከሰማያዊው ይወስዳል። ከሦስቱ ንጹሁ ቢጫ ነው። ውጤቱ ምን ይሆናል? በአረንጓዴው ስር በወጣቷ ግንባር ላይ የእርጅና መስመሮች እንደ ጭስ ይንሳፈፋሉ። መፍትሔው በማጄንታው ምስል ላይ የሳያኑን ምስል ኔጋቲቭ (ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር የሆነበትን) በጣም አሳስቶ መደረብ ነው። ሳያን በበዛበት ቦታ ማጄንታው በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። እኔ ጋ የሰራው 20 በመቶ አካባቢ ነው፤ በሌላ ቀለምና ወረቀት ይለያያል። ግን የሚቀነስ ነገር መኖር አለበት። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ባዶ ነጭ ቦታ አልተውም፤ ከስር በሙሉ ስስ ማጄንታ ይኖራል።

ሰማያዊው መብራት ላይ ብዙ ተስፋ አትጣሉ። አንደኛ፣ ሁለቱም ሌሎች ቀለሞች ሾልከው ይታዩበታል። ሁለተኛ፣ ችግሩ የራሳችን ዓይን ነው። ሰማያዊ የሚለዩት የዓይናችን ህዋሶች ከሌሎቹ በጣም ጥቂት ናቸው፤ የእይታችን እምብርት ላይ ደግሞ ጭራሽ የሉም። በሰማያዊ ብርሃን ቀጭን መስመር ማየት ያስቸግራል። ስለዚህ በቢጫ የማትመው ትልልቅ ቅርጽ ብቻ ነው፤ ቅጠል፣ ጨረቃ፣ እንደዚያ ያለ ነገር። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሦስተኛ ምስል እተውና ቢጫውን ለማደናገሪያ እጠቀምበታለሁ። እዚህም እዚያም እረጨዋለሁ። በነጭ ብርሃን የሚያይ ሰው ፊቶቹን እንዳይለይ ያደርጋል፣ በቀይ ስር ግን ድራሹ ይጠፋል። በኔ ግምት የቢጫ ምርጡ ስራ ይሄ ነው።

አምፖሉ የሚያናድድ ነገርም አለው። ከማብሪያው አጥፍታችሁ ስታበሩት የመጨረሻውን ቀለም አያስታውስም፤ ነጭ ሆኖ ይነሳል። እንግዳ ጠርታችሁ ከሆነ ምስጢሩ በመጀመሪያው ሰከንድ ተበላሸ ማለት ነው። ሪሞቱ ፊት ለፊት ካልተነጣጠረ አይሰማም። ብርሃኑን ስትቀንሱት ደግሞ ዓይን የማያየው ብልጭታ ስላለው በስልክ ቪዲዮ ስትቀርጹ ጥቁር መስመሮች ይተላለፋሉ። ሙሉ ብርሃኑ ላይ ስመልሰው ይጠፋሉ። ክፍሉ መጨለም እንዳለበት መቼም ግልጽ ነው፤ በመጋረጃ ስንጥቅ የገባ የቀን ብርሃን ሁሉንም ምስል ባንዴ ያወጣዋል።

ወደ ፕሪንተሩ ስመጣ ዋናው ጠላት ጥቁር ቀለም ነው። ጥቁር ሁሉንም ብርሃን ስለሚውጥ በየትኛውም መብራት ስር ይታያል። ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩ ላይ ሆኖ ፕሪንተሩን የሚያዘው ፕሮግራም) ደግሞ ሦስቱም ምስሎች የጠቆሩበትን ቦታ ሲያገኝ ሳይጠይቅ ጥቁር ይጨምራል። የምስሎቹን ጥቁረት ቀድሜ አሳሳዋለሁ፤ 0 ሙሉ ጥቁር፣ 255 ነጭ በሆነበት መለኪያ ከ0 ሳይሆን ከ100 አካባቢ እንዲጀምሩ አደርጋለሁ። የወረቀቱን ዓይነት አንጸባራቂ ፎቶ ወረቀት ብዬ መምረጤም ረድቶኛል፤ የኔ ፕሪንተር ያን ጊዜ ጥቁሩን ታንክ ብዙም አይነካውም። ሌላው የቀለም መውጫ ቀዳዳዎቹ ነገር ነው። ፕሪንተሩ ሳይሰራ ሲቆይ ይደፈናሉ። በተራ ፎቶ ላይ አንዲት መስመር ብትዘለል ማንም ልብ አይልም። እዚህ ግን ማጄንታ ከዘለለ አንድ ሙሉ ፊት ይሰነጣጠቃል። ከእያንዳንዱ ትልቅ ህትመት በፊት የሙከራ ገጽ አወጣለሁ።

ሳላነሳው የማላልፈው የመደብዘዝ ጉዳይ ነው። የአያቴን ምስል ሁለት ቅጂ አትሜ አንዱን መስኮት አጠገብ ሰቀልኩ፣ ሌላውን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩ። ከወራት በኋላ ጎን ለጎን ሳያቸው የመሳቢያው እንደነበረ ነው። የመስኮቱ ግን ማጄንታው ሳስቷል። በቀይ ስር አሁንም ጥሩ ነው፤ በአረንጓዴ ስር ወጣቷ ፈዝዘዋል፣ ያጣፋሁት የእርጅና መስመርም እንደገና መውጣት ጀምሯል። ሚዛኑ የተሰራው በሁለቱ ቀለሞች ልክ ነውና አንዱ ሲጎድል ይፈርሳል። ፕሪንተሬ የሚጠቀመው ዳይ የሚባለውን፣ በፈሳሹ ውስጥ የሚሟሟውን ቀለም ነው። ለረጅም ጊዜ የሚሰቀል ስራ ካሰባችሁ ፒግመንት (ሳይሟሟ በደቃቅ ቅንጣት የሚቀር) ቀለም ያለው ፕሪንተር ፈልጉ፤ ብርሃንን የተሻለ ይቋቋማል።

አምፖል ልትገዙ ከሆነ አንድ ወረቀት ላይ ሦስት አራት ማዕዘን አትማችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳያን፣ ማጄንታ፣ ቢጫ። ጨለም ያለ ቦታ ላይ ቀዩን አብሩት። ሳያኑ መጥቆር፣ ሁለቱ ደግሞ መጥፋት አለባቸው። ማጄንታው ጥላ ሆኖ ከቀረ አምፖሉ ቀይ ብሎ የሚሰጠው ሌላ ቀለም የተቀላቀለበት ነው፤ ሌላ አስመጡ። ከዚያ ሰማያዊውን አብሩና ቢጫውን እዩ። ጥቁር ከመሰለ ግዙት። ሪሞቱንም ከጎን ሆናችሁ ሞክሩት፣ ከማብሪያው አጥፍታችሁም አብሩት፤ የመጨረሻውን ቀለም ይዞ ከተነሳ ከኔው ይሻላል።